ጸበል የበዛበት ዋርካ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እጄን የማሳርፍበት ጠፋኝ። ያረፍኩት መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ወንዱ ልጄ ቤት ነው። እንደ ሥራ ቀኔ በማለዳ ተነስቼ፣ መቀነቴን አጥብቄ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ፤ ከቆምኩ በኋላ የምሄድበት እንደሌለኝ ትዝ ይለኛል። ምራቴ፣ «እማ፣ አረፍ በይ እንጂ» ትለኛለች። አረፍ እላለሁ። ጥቂት ቆይታ ብቅ ስትል ጓሮ ያለውን ጌሾ ሥሩን ስኮተኩት ታገኘኛለች። «ጌሾው ምን ሆነ?» ትለኛለች። ጌሾው ምንም አልሆነም። የሆንኩት እኔ ነኝ።

ሥራዬ ችግኝ ማፍላት ነበር። ጋይንት ጀመርኩ፣ ስማዳ ወረድኩ፣ እስቴ ላይ ጨረስኩ። በእጄ ያለፈውን ችግኝ ቁጥር የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ዛሬ ልጽፍ የተቀመጥኩት ግን ስለ አንድ ዛፍ ነው። ቁመቱ ከክንዴ አይበልጥም፤ የበቀለውም ሣህን ላይ ነው። ያስታመምኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቢሆንም ያስታመምኩበት ዕውቀት የሥራ ዘመኔ ሁሉ ነውና ከዚያ መጀመር አለብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም፤ ነገሬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። እግሬም አመሉ እንደዚሁ ነው፣ ወደ ገበያ ብሎ ወጥቶ ለቅሶ ቤት ይገኛል።

ባሌ በሞተ በዓመቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠሁና፣ ከንፋስ መውጫ በታች ወንዝ ዳር ያለው የችግኝ ጣቢያ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። የችግኝ መደቦቹ ኃላፊ አስማረ ይባላሉ፤ እኛ ግን የኔታ ነበር የምንላቸው። እዚያው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ዜማ ሲማሩ ኖረው፣ ለመምህርነት ሲቃረቡ ጉሮሯቸው ታሞ ድምፃቸው ሄደ። «ድምፄን ቢወስደው እጄን ተወልኝ» ይላሉ፣ ያለ ምንም ቅሬታ። ሲናገሩ ደረቅ ቅጠል እንደሚረገጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። ስለዚህ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ ጠጋ ይላል። ጮኸው የሚያዙ አለቆች ኋላ ገጥመውኛል፤ የነሱን ቃል አንዱንም አላስታውስ።

በመጀመሪያው ቀን ማጠጫ አስያዙኝና፣ «ለአንድ መደብ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ነው» አሉኝ። «ከዚህ ጫፍ ትጀምሪያለሽ፣ እዚያ ጫፍ ስትደርሺ አሜን ትያለሽ። አሜን ስትይ ማጠጫው ቀና ይላል።»

የእጅ ሰዓት ያለው ሰው በሌለበት ጣቢያ የውኃው ልክ ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ፣ ሰነፍ እንዳይሉኝ ፈርቻለሁ። ጸሎቱን አንበለበልኩትና መደቡ መሐል ላይ አሜን ብዬ ማጠጫዬን ቀና አደረግሁ። የኔታ ቀስ ብለው መጡ።

«ትሁን፣ ማን እያባረረሽ ነው?»

«ኧረ ማንም የኔታ።»

«ታዲያ ለምን ታሯሩጪዋለሽ? እነዚያ የማዶዎቹ እኮ ጸሎቱም ውኃውም አልደረሳቸውም።»

ሴቶቹ ሳቁብኝ። አንዷማ ሳምንቱን ሙሉ፣ «የትሁን ችግኞች ገሚሶቹ ክርስቲያን ገሚሶቹ አረመኔ ናቸው» እያለች ስታሽሟጥጠኝ ከረመች።

የኔታ ሌላም አመል ነበራቸው። ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈር ውስጥ ሳይከቱ ውኃ አያጠጡም፤ «ዓይን ላዩን ነው የሚያየው፣ ጣትሽን ጠይቂው» ይላሉ። ከዚያ ችግኙን ከነላስቲኩ አንስተው በመዳፋቸው ይመዝኑታል። ከከበደ መልሰው ያስቀምጡታል። አንድ ቀን፣ «የኔታ፣ ቢጠጣ ምን ይጎዳዋል? ውኃ እንደሁ ሞልቷል» ብላቸው፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ውኃ አጥቶ የሚሞት ችግኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅጠሉን አጠውልጎ፣ ተጣርቶ ነው የሚሞት፤ ትደርሺለታለሽ። ውኃ በዝቶበት የሚሞት ግን ዝም ብሎ ነው። ስታውቂ አልቋል።»

ይኼን ነገር እንደ ዋዛ ነበር የሰማሁት። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ግን እሱን ነው።

ፊደልም ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ዘር የሚመጣው በከረጢት ነው፣ ከረጢቱ ላይ ስሙ ተጽፎበት። እኔ ዘሩን በዓይኔ ስለማውቀው ጽሑፉን አልፈልገውም ነበር። የኔታ ግን የምሳ ሰዓት ከረጢቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ «ይቺ ወ ናት፣ ወይራ ውስጥ አለች። ይቺ ኮ፣ ኮሶ» እያሉ በገለባ ያሳዩኛል። የቤተ ልሔም ተማሪ ከዳዊት ይጀምራል፤ እኔ ከወይራ ጀመርኩ። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ሁለት ልጅ ግን አሳድጎልኛል፣ ይኼን ለመጻፍም አብቅቶኛል። ምን ጎደለኝ?

ቋሚ ሠራተኛ በሆንኩ በጥቂት ዓመት ስማዳ አዲስ ጣቢያ ሲከፈት የኔታንና እኔን ከሌሎች ጋር ላኩን። ወገዳ አጠገብ ነው። ያች አገር ደግ ሰው አላት፤ ቤት እስክናገኝ ድረስ የምንተኛበትን መደብ የለቀቀልን ገበሬ ነበር። ነገር ግን የሥራ ዘመኔ ትልቁ ኃዘን የደረሰብኝም እዚያው ነው።

የጥድ ችግኝ አፈላን። ያን ዓመት ዝናቡ ዘገየና ችግኞቹ ከጊዜያቸው በላይ ላስቲክ ውስጥ ቆዩ። ቆዩ እንጂ ቅጠላቸው እንዴት አምሮ ነበር። ያየ ሁሉ አመሰገነን፤ እኛም ራሳችንን አመሰገንን። ክረምቱ ሲገባ ገበሬው በጀርባው አዝሎ ተራራ አወጣው፤ ሴቱ፣ ወንዱ፣ ካህኑ ሳይቀር ተከለ። ጥር ላይ ቀና ብለን ብናይ ተራራው ቀልቷል። ደርቆ ነው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ አግኝቶን፣ «እናንተ፣ ጥዳችሁ ባሕታዊ ነው መሰለኝ፤ ከተተከለ ወዲህ እህል ውኃ አላለም» ብሎን አለፈ።

የኔታ ተራራውን ወጡና አንዱን ነቀሉት። ላስቲኩ ከተገፈፈ ወራት አልፎታል፤ ሥሩ ግን አሁንም ላስቲክ ውስጥ ያለ ይመስል በራሱ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደ ተቋጠረ መቀነት ሆኗል። አንዲት ክር ወደ መሬቱ አልዘረጋም። በቆየበት ጊዜ ሥሩን ከታች እያነሳን መከርከም ነበረብን፤ ሁላችንም ቅጠሉ አታለለን። የኔታ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ተቀምጠው ያን የደረቀ ችግኝ ጭናቸው ላይ እንደ ሕፃን ይዘው ብዙ ቆዩ። ስብሰባ ተጠርቶ ማን አጠፋ ሲባል ግን ከሁላችን ቀድመው ተነሡ፣ «ሥሩን ሳላይ ቅጠሉን ያመንኩ እኔ ነኝ። ሴቶቹ ያዘዝኳቸውን ነው የሠሩት» አሉ። ሰዉ እንዲሰማቸው ጠጋ ማለት ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ማንም ወደ እኛ አልዞረም፤ እንጀራችንም አልተነካ። በዓመቱ ሥሩን እየከረከምን እንደገና አፈላን። ዛሬ ያን ተራራ ከወገዳ ሆኜ ሳየው በጥድ ጠቁሯል።

የመጨረሻ ሥራዬ እስቴ ነው። አለቃችን ሕይወት የምትባል፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ የመጣች የሴት ልጄ እኩያ ነበረች። እሷ እኛ የማናውቀውን ታውቃለች፣ እኛ የምናውቀውን ደግሞ ትጠይቃለች፤ ደስ የሚል ሥራ ነበር። የግራር ዘር አልበቅል ሲለን ውኃ አፍልታ ልትነክረው ስትል፣ «ልጄ፣ ንፍሮ ልታደርጊው ነው?» አልኳት። «እማማ ትሁን፣ እሳቱን አውርደን ነው፤ ቆዳው ጠንካራ ስለሆነ ነው የማይከፈተው» አለችኝ። አላመንኳትም። በቀለ። ከዚያ በኋላ አምናታለሁ።

የኔታ ጡረታ የወጡት በሷ ጊዜ ነው። ለሽኝታቸው ከአዲስ አበባ አንድ ጉድ ይዛ መጣች፤ ጎድጎድ ባለ ሣህን ላይ የበቀለ፣ ግንዱ የሽማግሌ፣ ቁመቱ የሕፃን የሆነ ዛፍ። «ቦንሳይ ይባላል፣ ወገኑ ከዋርካ ነው፤ ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው» አለች። ሰው ዙሪያውን ከቦ ሳቀ። ዘበኛችን፣ «የኛ አገር ዋርካ ሥር ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እዚህ ሥር የሚሸማገለው መቼም ጉንዳን ነው» አለ። የኔታ ግን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አንስተው መዘኑትና፣ «ለቀረኝ ዕድሜ ይኼ ጥላ ይበቃኛል» አሉ።

ወደ ንፋስ መውጫ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ሚስታቸው የሺ ናት፤ እኔ እታተ ነው የምላት፣ በልጅነቴ ያጣኋት ታላቅ እኅቴ ምትክ ናት። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ዛፉን አየው ነበር፤ መስኮት አጠገብ፣ አረንጓዴ፣ የኔታ በየጠዋቱ ጣታቸውን የሚከቱበት።

እኔም ጡረታዬ ደረሰና፣ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። ያን ክረምት የኔታ ጭቃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረ። ልጃቸው ባሕር ዳር ወስዶ አሳከማቸው፤ ሐኪም ቤት ሰነበቱ፣ ከዚያም እስኪጠና ድረስ ልጃቸው ቤት ተኙ። እታተ ከብቱንና ቤቱን ጥላ መሄድ ስላልሆነላት ብቻዋን ቀረች። ኅዳር ላይ ደወለችልኝ።

«ትሁኔ፣ እሳቸው ለዐቢይ ጾም መያዣ ይመጣሉ አሉኝ።»

«ተመስገን። ታዲያ ለምን ታለቅሺያለሽ?»

«ዋርካው እየሞተ ነው። በደወሉ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ባዶ ሣህን ነው የማሳያቸው?»

ምራቴን፣ «ጌሾውን አደራ» ብያት በበነጋው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ደብረ ታቦር ላይ ቀይሬ ንፋስ መውጫ ገባሁ። ያ ነፋስ እንደ ጥንቱ ነጠላዬን አስይዞ ተቀበለኝ።

እታተ ዛፉን ከመስኮቱ አንስታ ጥጉ ጋ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አኑራዋለች። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ገሚሱ ረግፏል። ጣቴን ከተትኩ፤ እንደ ረግረግ ቀዘቀዘኝ፣ ሳወጣው ሸተተኝ። ሣህኑን አነሣሁት፤ ያቺ ትንሽ ሣህን እንደ እንስራ ከበደችኝ።

«እታተ፣ ውኃው በዝቶበታል።»

«ውኃ አይደለም፣ ጸበል ነው» አለችኝ።

ለካ የኔታ ከወደቁ ጀምሮ በየማለዳው ጸበል ቀድታ ታጠጣዋለች። እሳቸው ሲድኑ እሱም፣ እሱ ሲጸና እሳቸውም የሚጸኑ ሆኖ ታይቷታል። የኔታ ልኩን አሳይተዋት ነበር፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ለሣህኑ ይረዝማል፣ ገሚሱ ይበቃዋል ብለዋታል። «እሳቸው ሐኪም ቤት ተኝተው ገሚስ ጸሎት እንዴት ይበቃኛል?» አለችኝ። «የዕለቱን ውዳሴ ማርያም እስክጨርስ ነው የማንቆረቁርለት።»

ጸበል በዛ ብሎ የሚናገር ምላስ የለኝም። «እንንቀለውና ሥሩን እንየው» አልኳት።

«መንቀል የሚባል በዚህ ቤት አይነሣ። ሰውዬው ሳይመጡ ከሥር መንቀል ምን ዓይነት ምልኪ ነው?»

ታዲያ ብርሃን ማጣቱም አይቀርም ብዬ፣ በቀን ጓሮ አውጥቼ ግድግዳ ጥግ አኖርኩት። እኔ የማውቀው የደጋ ችግኝ ነው፤ ከጥላ ዳሱ ወጥቶ ውርጭ ካልቀመሰ አይጠነክርም። እዚያው እንዲያድር ተውኩት። ጠዋት ስንወጣ የቀሩት ቅጠሎች በሙሉ ሣህኑ ዙሪያ ወድቀዋል። እንደ ጨው የነጣ ውርጭ መሬቱ ላይ ነበር።

እታተ አላኮረፈችኝም፤ ብታኮርፈኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብላ ቅጠሎቹን አንድ አንድ እየለቀመች ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረች፣ ከዚያ ባሕር ዳር ደወለች። የኔታ ደህና ናቸው፤ በከዘራ ሁለት ክፍል ተራምደዋል። ያ ደረቅ ድምፅ ከስልኩ ውስጥ፣ «ዋርካዬስ?» ሲል ሰማሁ።

«አለ» አለች። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። «አለ አልኳቸው፣ ትሁኔ። እንግዲህ መኖር አለበት።»

እኔ ደግሞ ሕይወት ጋ ደወልኩ። አሁን ሌላ አገር ነው የምትሠራ፤ ስልኬን ሁልጊዜ ታነሣለች፣ ትባረክ። ነገሩን አጫወትኳት።

«እማማ ትሁን፣ ዋርካ ቢሆንም የቆላ ዘመድ ነው፤ ውርጭ አያውቅም። ኅዳር ላይ፣ ያውም በጋይንት ነፋስ!» ብላ ሳቀችብኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ውኃ ሲጠጣ ከታች ሲወርድ አይታችኋል? ቀዳዳ አለው እኮ።»

እታተን አየኋት። ከሥሩ የተነጠፈችው ጨርቅ በየማለዳው ያ ሁሉ ጸበል ከላይዋ ሲፈስ ከርሞም ደረቅ ናት። ሣህኑን አጋደልኩት። ቀዳዳው በሰም ተደፍኗል።

«እኔ ነኝ» አለች እታተ፣ ሳልጠይቃት። «የጧፍ ሰም አቅልጬ ነው። ጸበሉ መሬት ወርዶ እግር እንዳይረግጠው ብዬ።»

ሕይወትን አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ። በዚህ ማን ይቆጣል? ጸበል አይረገጥም ተብለን አይደል ያደግነው። እኔም በሷ ቦታ ብሆን እደፍነው እንደነበር አውቃለሁ። የስማዳው ጥድ ትዝ አለኝ፤ እሱን ቅጠሉን ወደን አጠፋነው፣ ይኼን ደግሞ እታተ ባለቤቱን ወዳ።

በጥፍሬ የላይኛውን ቅርንጫፍ ፋቅ አደረግሁት። ደረቅ ነው። ዝቅ ብዬ ፋቅሁ፤ ደረቅ። የዋርካ ወገን ሲቆስል ወተት ያነባል፤ ወተት ከሌለው አበቃ። ግንዱን፣ አፈሩ አካባቢ ሲደርስ ቀስ ብዬ ሞከርኩት። የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ጠብታ ብቅ አለች።

«እታተ፣ ወተት አለው።»

መነጽሯን አምጥታ ተንበረከከች። ብዙ አየችው። ከዚያ፣ «ንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። ይነቀል ካሉ ይነቀላል» አለች።

ቄሱ ከሰዓት በኋላ መጡ። ሁለታችንንም ሰሙ፣ ሣህኑን ገልብጠው ሰሙን አዩ፣ ጢማቸውን ዳበሱ። መሳቅ እንደፈለጉ ያስታውቅ ነበር፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው ናቸው።

«ወለተ ማርያም፣» አሏት በክርስትና ስሟ፣ «አንቺ ስትጠመቂ ጸበሉ ምን ያደርግሻል?»

«ይወርድብኛል አባ።»

«ወርዶስ?»

«ይሄዳል።»

«ውስጡ ተኝተሽ ታድሪያለሽ?»

«ኧረ አባ።»

«እሱንም አታሳድሪዋ። ጸበል ይወርዳል፣ ያልፋል። ከታች ንጹሕ ሣህን አድርጊለት፤ የወረደውን ሰው የማይረግጠው ቦታ፣ ከግድግዳው ሥር ታፈሺዋለሽ። መንቀሉን በተመለከተ» ብለው ወደ እኔ ዞሩ፣ «ሐኪሙ የየኔታን አጥንት ሲጠግን ሥጋቸውን ሳይከፍት ነው እንዴ?»

እንዲህ ሆኖ ተፈቀደልን።

ሥራውን በማግሥቱ ከምሳ በፊት፣ ፀሐይዋ ቤቱን ስታሞቀው ጀመርኩ። ምላጭ በእሳት አሳለፍኩ። ዛፉን ከሣህኑ ሳወጣው አፈሩ እንደ ጭቃ ተንሸራተተ። ሥሩን ለብ ባለ ውኃ አጠብኩት። አብዛኛው ጠቁሮ፣ በጣቴ መሐል እንደ በሰበሰ ገመድ ይላጣል። የጠቆረውን እየቆረጥኩ ወደ ጤነኛው ደረስኩ፤ ጤነኛው ጥቂት ነው፣ ግን ጠንካራ። የደረቁትን ቅርንጫፎችም ወተት እስከሚያነባ ድረስ ቆረጥኩ። እታተ ማየት ስላቃታት ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዙራ ትጸልያለች፤ ምላጬ ቀጭ ባለ ቁጥር ትከሻዋ ይነሣል።

«አሁን ምን ቆረጥሽ?»

«የሞተውን ነው እታተ።»

«አሁንስ?»

«እሱም ሞቷል።»

ሰሙን አወጣሁ፣ ቀዳዳው ላይ የሸክላ ገል አኖርኩ፤ ውኃ እንዲያሳልፍ፣ አፈር እንዳያሳልፍ። ለአፈሩ የወንዝ አሸዋ፣ በወንፊት ያለፈ የቆየ ብስባሽ፣ ደቀቅ ያለ የተሰበረ ማሰሮ ቀላቀልኩ። አሮጌው አፈር ውኃ ያቁር ነበር፤ ይኼኛው እፍኝ ብታደርጉት በጣት መሐል ያልፋል። ሥሩ ስላነሰ ግንዱ እንዳይወዛወዝ በክር ከሣህኑ ጋር አሰርኩት። ጥቂት አጠጣሁና በላስቲክ እንደ ድንኳን ሸፍኜ፣ ነፋስ ከማያገኘው መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩ። ፋንድያ እንጨምርለት ብላኝ ነበር እታተ፤ «ሕመምተኛ ከአልጋው ሳይነሣ ጮማ ይበላል?» ብዬ አስተውኳት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ነገ እሄዳለሁ እያልኩ ሳልሄድ ገና አለፈ። ከሁሉ የከበደው የእታተ እጅ ነው። ጸበሉን ራሷ ትጠጣለች፣ ግንዱን በጣቷ ነካ ነካ ታደርገዋለች፤ ማጠጣት ግን ጣቷን ጠይቃ ነው። ጣቷ ርጥብ ነው ሲላት ፊቷ ይጠቁራል። አንድ ማለዳ የጸበሉን ጆግ ይዛ ዛፉ ፊት ቆማ አገኘኋት። አላየችኝም። ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ጆጉን መልሳ ከድና አስቀመጠችው። በሕይወቴ ብዙ ሰው ውኃ ሲያጠጣ አይቻለሁ። ያን ቀን ግን አለማጠጣት ምን ያህል ፍቅር እንደሚጠይቅ አየሁ።

ጥምቀት ሊቃረብ ሲል፣ እኔ ደጅ ሆኜ ጠራችኝ። «ትሁኔ፣ ይኼ ምንድነው? እሾህ አበቀለ።»

እሾህ አልነበረም። ግንዱ አናት አጠገብ፣ እንደ መርፌ የሾለ፣ ጫፉ ቀላ ያለ ቡቃያ ነው። በሳምንቱ ቆዳውን ገፍፎ ቅጠሉ ተዘረጋ፤ እንደ ሕፃን ጆሮ የሳሳ። ሌላም ተከተለው። ድንኳኑን በቀን ጥቂት ጥቂት እየገለጥን አስለመድነው። ያን ጊዜ እታተ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ያቆየቻቸውን የረገፉ ቅጠሎች ፈትታ ጓሮ ቀበረቻቸው።

የኔታ ዐቢይ ጾም ከመያዙ በፊት ባለው ቅዳሜ መጡ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ነው ያመጣቸው፤ ልጃቸው ደግፎ አስገባቸው። ከስተዋል። መደቡ ላይ ተቀመጡ፣ ከዘራቸውን አስደገፉ፣ እኔን አይተው ደስ አላቸው፤ ግን ገና ጉልበታቸውን ሳልስም፣ «ዋርካዬስ?» አሉ።

እታተ በሁለት እጇ አመጣችው። እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ያማረው ዛፍ አይደለም። ቅርንጫፉ ተገርዟል፣ ግንዱ ታስሯል፣ ቅጠሉ ቢቆጠር የእጅ ጣት አይሞላም። እታተ ከፊታቸው አድርጋው፣ ሊፈረድባት እንደ ቆመ ሰው እጇን አጣምራ ቆመች።

የኔታ ቅጠሉን አልነኩም። ጣታቸውን እስከ ሁለተኛው አንጓ ከተቱ። ሣህኑን በጥቂቱ ቀና አድርገው ከታች አዩት፤ ገሉን፣ በገሉ ዙሪያ ተፍቆ ያልወጣውን የሰም ርዝራዥ። ሰሙን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት። እሳቸው ጧፍ ሲያበሩ ያደጉ ሰው ናቸው፤ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ወደ እታተ ቀና ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ሥሩን አያችሁት?» አሉ።

«አየነው፣ የኔታ» አልኩ።

«እንግዲያስ ደግ ነው። ጠምቶታል፤ አጠጪው ትሁን።»

እታተ ለዚህ ቀን ብላ ከትናንት በስቲያ ጀምሮ አላጠጣችውም ነበር። ጸበሉን በጆግ አቀበለችኝ። ማንቆርቆር ጀመርኩ፣ አቡነ ዘበሰማያትንም ጀመርኩ፤ ሳላስበው ቶሎ ቶሎ አልኩት።

«ትሁን፣» አሉ በዚያ የደረቀ ቅጠል ድምፃቸው፣ «ዛሬም ታሯሩጪዋለሽ? አሁንማ ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፤ የት ልንደርስ ነው?»

ሳቅሁና ከመጀመሪያው ያዝኩት፣ ቀስ ብዬ። እሳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉኝ፤ እታተም። ገና ግማሹ ላይ ሳንደርስ ጸበሉ በገሉ በኩል ጠብ፣ ጠብ እያለ ከታች ወዳለው ሣህን ይወርድ ጀመር። ሁላችንም ሰማነው።

አሜን ካልን በኋላ እታተ የወረደውን አንስታ ከግድግዳው ሥር ልታፈሰው ስትል የኔታ፣ «ቆዪ» አሏት። መዳፋቸውን ሣህኑ ውስጥ አርሰው ጋቢያቸውን ገለጡና የተሰበረ ዳሌያቸውን አሹት።

«ከሱ የተረፈውን እኔም ልሞክረው» አሉ። «እሱም ተነሥቷል።»